የመሪ ደግነት ወይስ የመሪ ልጓም?

“አምላኬ ሆይ፣ ደግ መሪ ስጠን!” ይህች ጸሎት የማትሰማበት ቤት፣ የማትነሳበት የጠላ ቤት ጨዋታ፣ የማትደገምበት የታክሲ ወንበር የለም። አንዱ ሲሾም “እስቲ ይሄኛው ይሻል ይሆናል” እንላለን። ሲሻር ደግሞ “ድሮም ዓይኑ አላማረኝም ነበር” እንላለን። ከዚያ ተመልሰን ጸሎቷን ከ“ሀ” እንጀምራታለን። ደግ መሪ መመኘት ነውር የለበትም። ነገር ግን የሰውን ደግነት ብቻ ተማምኖ ጦሩንም፣ ካዝናውንም፣ ዳኛውንም ለአንድ እጅ አስረክቦ መተኛት በግን ለጅብ አደራ መስጠት ነው። ጅቡ ዛሬ ጠግቦ ይሆናል። ነገስ?

እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ከተማ የተሰበሰቡ አሜሪካውያን ጭንቀታቸው ይኸው ነበር። “ማን ይግዛን?” ከማለታቸው በፊት “የሚገዛንን በምን እናስረው?” ብለው ጠየቁ። እኔ በዲፕሎማ ተመርቄ በየጋዜጣው እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ፤ የሕግ ሊቅ ነኝ አልልም። ይህን ታሪክ ለሊቃውንት ብቻ መተው ግን አልፈቅድም። የሥልጣን ልጓም ጉዳይ የሊቅንም የሊስትሮንም በር ያንኳኳልና።

ንጉሥ የተከሰሰበት ወረቀት

አባቶቻችን “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ሲሉ ኖረዋል። አሜሪካኖቹ ጁላይ 4 ቀን 1776 ያወጡት የነፃነት መግለጫ ግን ከግማሽ በላዩ የክስ ማመልከቻ ነው። ተከሳሹ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ነው። ክሶቹም በተራ ተደርድረዋል፦ ያለ ፈቃዳችን ግብር ጣለብን፤ በሰላም ጊዜ ጦር አሰፈረብን፤ ምክር ቤቶቻችንን በተነ፤ የዳኞችን ወንበርና ደመወዝ በእጁ አድርጎ ፍርድ ቤቱን አሽከር አደረገው፤ ሰዎቻችንን ባሕር አሻግሮ ለፍርድ አቀረበ። አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ክሶች ልብ በላቸው። ከ11 ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥቱን ሲጽፉ የተገረፉበትን ቦታ አልረሱትም።

በመካከሉ ግን አንድ ትምህርት ከፍለው ተምረዋል። ከንጉሥ ሸሽተው በ1781 ያጸደቁት የመጀመሪያው ውላቸው ማዕከላዊ መንግሥቱን ጥርስ አልባ አድርጎት ነበር። ኮንግሬሱ ግብር መጣል አይችልም፤ ክፍለ ግዛቶቹን “እባካችሁ አዋጡ” እያለ ይለምናል። ለነፃነት የተዋጉ ወታደሮች ደመወዛቸውን በወቅቱ አላገኙም። በ1786 የማሳቹሴትስ ገበሬዎች በዕዳና በግብር ተማረው፣ ዳንኤል ሼይስ በሚባል የቀድሞ ተዋጊ ስም በሚታወቀው አመፅ ፍርድ ቤቶችን ሲዘጉ፣ ኮንግሬሱ እጁን አጣጥፎ ተመለከተ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማምታቻ አለ። “ሥልጣኑ የተገደበ መንግሥት” ስትል “ደካማ መንግሥት ትፈልጋለህ? አገር ይፍረስ ነው የምትለው?” የሚሉህ አሉ። ኧረ እንዴት ተደርጎ! ልጓም የገባበት ፈረስ ደካማ ፈረስ ነው እንዴ? ልጓሙ ፈረሱን ሽባ አያደርገውም፤ ጋላቢውን ገደል እንዳይከት ይይዘዋል እንጂ። ፊላደልፊያ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ደካማውን መንግሥት ጥለው ጠንካራ መንግሥት ሊያቋቁሙ ነው የመጡት። ጥያቄያቸው ይህን ጠንካራ ፍጡር በቤቱ ባለቤት ላይ እንዳይነሳ ምን ያድርጉት የሚል ነበር።

እድራችንን እንይ

ከሜይ 25 እስከ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787፣ ሰብሳቢያቸውን ጆርጅ ዋሽንግተንን አድርገው፣ በር ዘግተው በምስጢር ተከራከሩ። ከ12 ክፍለ ግዛቶች 55 ሰዎች ተገኝተዋል። ሮድ አይላንድ ጭራሽ አልመጣችም። በመጨረሻ የፈረሙት 39 ናቸው። የሠሩት ነገር ምንድን ነው?

አንደኛ፣ የሥልጣኑን ዝርዝር ጻፉ። በአንቀጽ 1 ክፍል 8 ኮንግሬሱ ምን ማድረግ እንደሚችል በ18 ሐረጎች ተዘረዘረ፦ ግብር መጣል፣ መበደር፣ ገንዘብ ማተም፣ ፖስታ ቤት ማቋቋም፣ ጦር ማደራጀት፣ ጦርነት ማወጅ እያለ ይቀጥላል። አስተሳሰቡ ግልጽ ነው፤ መንግሥት በዝርዝሩ ላይ የሌለውን ሥልጣን “የእኔ ነው” ማለት አይችልም። እኛ ዘንድ ልማዱ ግልባጩ ነው። ዜጋው “ተፈቅዶልኛል ወይ?” ብሎ ይጠይቃል፤ ባለሥልጣኑ ግን “ማን ከለከለኝ?” ይላል።

ሁለተኛ፣ ቁልፉን ለሦስት ከፈሉት። ሕግ አውጪው ገንዘቡን ይይዛል። ፕሬዚዳንቱ ጦሩን ያዛል፤ ነገር ግን ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የኮንግሬሱ ነው፤ ለጦሩ የሚመደበውም ገንዘብ ከሁለት ዓመት በላይ አይሆንም። ሁለት ዓመት ሲያልቅ የጦር አዛዡ ኪሱን ይዞ እንደገና ምክር ቤት ደጅ ይቆማል ማለት ነው። ፕሬዚዳንቱ ኮንግሬሱ ያወጣውን ሕግ አልፈርምም ማለት ይችላል፤ ኮንግሬሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሽረዋል። ፕሬዚዳንቱ ዳኛ ያጫል፤ ሴኔቱ ያጸድቃል። ዳኛው አንዴ ከተሾመ በመልካም ጠባይ እስካገለገለ ድረስ አይነሳም፤ ደመወዙም አይቀነስም። የራሱ የፕሬዚዳንቱም ደመወዝ በዘመኑ ከፍ ዝቅ አይደረግም። ለምን? ኮንግሬሱ በገንዘብ እንዳይገዛው፣ በገንዘብም እንዳይቀጣው። ይህን ሁሉ ያሰቡት የንጉሥ ጆርጅን ደመወዝተኛ ዳኞች ያዩ ሰዎች ናቸው።

የዚህን ንድፍ አብዛኛውን ሐሳብ ያዋጣው የቨርጂኒያው ጄምስ ማዲሰን ነው። ማዲሰን በሰው ልጅ ጠባይ ላይ ብዙ ተስፋ አልጣለም። ሹመኛን በምክር መግራት አይቻልም፤ ሹመኛን የሚገታው የራሱን ድርሻ እንዳይነጠቅ የሚቀና ሌላ ሹመኛ ነው ባይ ነበር።

ይህ የፈረንጅ ፍልስፍና ብቻ የሚመስለው ካለ እድሩን ያስታውስ። የእድራችን ገንዘብ ከባንክ ሲወጣ የሊቀ መንበሩ፣ የጸሐፊውና የገንዘብ ያዡ ፊርማ የሚጠየቀው ሦስቱም ሌቦች ስለሆኑ ነው? አይደለም። ጋሽዬዎቹ የተከበሩ፣ ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ናቸው። ግን ገንዘብ ገንዘብ ነው፤ ሰውም ሰው ነው። ስለዚህ ሦስት ፊርማ! ሒሳብ መርማሪም አለ። ታዲያ ለድንኳኑና ለብረት ድስቱ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ጦርና ወህኒ ቤት ያለበትን አገር ለአንድ ፊርማ ስንሰጥ ምን ነክቶን ነው?

ሦስተኛ፣ ቀጠሮ ቆረጡለት። ተወካዮቹ በየሁለት ዓመቱ፣ ፕሬዚዳንቱ በየአራት ዓመቱ፣ ሴናተሩ በየስድስት ዓመቱ ወንበሩ ይፈተሻል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” ለሚል ሹመኛ የመሻሩ ቀን አስቀድሞ ሲታወቅ፣ ተተኪውም መዝገቡን እንደሚከፍተው ሲያውቅ፣ እጁን ትንሽ ይሰበስባል።

አራተኛ፣ “ይህን አትነካም” የሚል አጥር አበጁ። የታሰረ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ “ለምን ታሰርኩ?” የማለት መብቱ፣ አመፅ ወይም ወረራ ተነስቶ የሕዝብ ደህንነት ካላስገደደ በቀር አይታገድም። ምክር ቤት ስም ጠርቶ፣ ያለ ፍርድ ቤት፣ “እገሌ ጥፋተኛ ነው” ብሎ ማወጅ አይችልም። ትናንት ወንጀል ላልነበረ ሥራ ዛሬ ሕግ አውጥቶ መቅጣትም ክልክል ነው። በተለይ ደግሞ የአገር ክህደትን ትርጉም እዚያው ሕገ መንግሥቱ ላይ ጻፉት፦ በአገሪቱ ላይ ጦር ማንሳት ወይም ከጠላት ጋር አብሮ ጠላትን መርዳት፤ ማስረጃውም በአንድ ግልጽ ድርጊት ላይ ሁለት ምስክር፣ አለዚያ በግልጽ ችሎት የተሰጠ ቃል። ሌላ የለም። ለምን እንዲህ አጠበቡት? ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚቃወመውን “ከሃዲ” ማለት እንደሚጣፍጠው ስለሚያውቁ! “አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ” ያለችው አህያ ይህን አንቀጽ ብታገኝ ኖሮ ቢያንስ ሁለት ምስክር ትጠይቅ ነበር።

ተቃዋሚዎቹ የሰጡት ስጦታ

አሁን ደግሞ ጋዜጣ ገዝታችሁ ለምታነቡ የሚጥም ነገር ልንገራችሁ። ይህ ሕግ የተሟገተው በጋዜጣ ነው። አሌክሳንደር ሐሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ “ፐብሊየስ” በሚል የብዕር ስም 85 ጽሑፎችን አዘጋጁ፤ አብዛኞቹም በኒው ዮርክ ጋዜጦች ወጡ። ተቃዋሚዎቹም “ብሩተስ”፣ “ካቶ” እያሉ በብዕር ስም አጸፋውን መለሱ። የብዕር ስም የፈሪ መደበቂያ ነው ለሚሉን ሁሉ ይህ ይድረሳቸው።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር ምን ነበር? “ይህ መንግሥት ነገ አድጎ ይውጠናል፤ የዜጋው መብት በጽሑፍ የት አለ?” ነው ያሉት። ጆርጅ ሜሰን ፊላደልፊያ ላይ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ሲያበቃ አልፈርምም ብሎ ወጣ። ፓትሪክ ሄንሪ ቨርጂኒያ ላይ ሞገተ። ድምፁ ሲቆጠር በማሳቹሴትስ 187 ለ168፣ በቨርጂኒያ 89 ለ79፣ በኒው ዮርክ 30 ለ27 ሆነ። ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ የሚባል ነገር የለም! ግማሽ ለግማሽ የቀረበ ፉክክር ነበር።

ከዚያስ? አሸናፊዎቹ “ተሸንፋችኋል፣ አፋችሁን ዝጉ” አላሉም። መጀመሪያ ላይ የመብት ዝርዝር አያስፈልግም ይል የነበረው ራሱ ማዲሰን በ1789 ማሻሻያዎቹን ለኮንግሬሱ አቀረበ። በዲሴምበር 15 ቀን 1791 አሥሩ ማሻሻያዎች ጸደቁ። የእምነት፣ የንግግርና የፕሬስ ነፃነት፣ ያለ በቂ ምክንያት ቤት ያለመፈተሽ፣ በራስ ላይ ለመመስከር ያለመገደድ፣ በአሥረኛው ደግሞ ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠ ሥልጣን የክፍለ ግዛቶቹና የሕዝቡ እንደሆነ። ዛሬ ዓለም የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ይህ ክፍል ነው። ምንጩም የተቃዋሚዎች ጩኸት ነው። “ተቃዋሚ አፍራሽ ነው” የሚል ዜማ የሚያዜሙ ሁሉ ይህችን ታሪክ በየቢሯቸው ግድግዳ ላይ ይስቀሏት።

መላእክት አልነበሩም

“ባሪያ ፈንጋዮች ምን ሊያስተምሩን?” የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ አንድም ቃል አላለዝብለትም። ዋሽንግተንም ማዲሰንም የባሪያ ጌቶች ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ ለምክር ቤት ወንበር ቆጠራ አንድን ባሪያ የሰው ሦስት አምስተኛ አድርጎ ቆጠረው። የባሪያ ንግድን ከ1808 በፊት ኮንግሬሱ እንዳያግድ ከለከለ። ያመለጠ ባሪያ ለጌታው እንዲመለስ አዘዘ። ይህን ለማረም ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሰው የጨረሰ የእርስ በርስ ጦርነትና በ1865 የጸደቀው አሥራ ሦስተኛው ማሻሻያ አስፈልጓል።

ግን እስቲ ነገሩን ገልብጠን እንየው። እነዚህ ሰዎች ንጉሡን አሰሩ፣ ፕሬዚዳንቱን አሰሩ፣ ምክር ቤቱን አሰሩ። ሳያስሩ የተዉት ጌታው በባሪያው ላይ ያለውን ሥልጣን ነው። ከሁሉ የከፋው ግፍ የተፈጸመው ታዲያ የት ላይ ነው? እዚያው ልጓም ያልገባበት ቦታ ላይ! ስለዚህ የባርነት ታሪክ የልጓምን ከንቱነት አያሳይም። ልጓም ያልገባበት ሥልጣን፣ ባለቤቱ የተማረና ጨዋ ሰው ቢሆንም፣ ምን እንደሚሠራ ነው የሚያሳየው።

ወረቀት ብቻውንም “የአህያ ባል” ነው፤ ከጅብ አያስጥልም። የፕሬስ ነፃነት በተጻፈ በሰባተኛው ዓመት፣ በ1798፣ በፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ዘመን፣ ኮንግሬሱ መንግሥትን በጽሑፍ ማዋረድን የሚቀጣ ሕግ አወጣ። ነገሩ እንዴት እንደተቀመመ ተመልከቱ፦ ሕጉ ፕሬዚዳንቱንና ሁለቱን ምክር ቤቶች ከትችት ይከላከላል፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ግን አይከላከልም። ምክትሉ ቶማስ ጄፈርሰን የተቃዋሚው ወገን መሪ ነበራ! የቨርሞንቱ የኮንግሬስ አባል ማቲው ላየን ፕሬዚዳንቱ ከንቱ ክብር ይወዳል ብሎ በመጻፉ አራት ወር ታሰረ፣ 1,000 ዶላር ተቀጣ። ጋዜጠኞችም ወህኒ ወረዱ።

ታዲያ ማን አዳናቸው? ወረቀቱ ብቻውን አላዳናቸውም። ሕዝቡ ላየንን እስር ቤት እንዳለ እንደገና መረጠው። በ1800 ምርጫ አዳምስ ተሸነፈ፤ በማርች 1801 ሥልጣኑን ለተቃዋሚው አስረክቦ ወደ ቤቱ ሄደ። ሕጉም በዚያው ወር ዕድሜው አለቀ፤ ጄፈርሰንም ለተቀጡት ምሕረት አደረገ። ልጓሙን የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። እጁ ሲላላ ምን እንደሚሆንም በ1942 ታይቷል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በአንድ ትእዛዝ የጃፓን ዘር ያላቸውን ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ያለ ክስ ወደ ካምፕ እንዲጋዙ ሲያደርግ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1944 በ6 ለ3 ድምፅ አበጀህ አለው።

ልጓሙ የያዘበትም ቀን አለ። በ1952፣ የእኛም ቃኘው ሻለቃ በተሰለፈበት የኮሪያ ጦርነት መሐል፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን የሥራ ማቆም አድማ ጦሩን ይጎዳል ብሎ የብረት ፋብሪካዎችን ያዘ። ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 “ይህ ሥልጣን አልተሰጠህም” አለው። ከስድስቱ ሁለቱ ራሱ የሾማቸው ዳኞች ነበሩ። ትሩማን ተናደደ፤ ፋብሪካዎቹን ግን መለሰ።

ሠላሳ አራት ቀን

ይህ ነገር እኛን የሚነካበት ቀጥተኛ መንገድም አለ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ ጆን ስፔንሰር የተባለው አሜሪካዊ የሕግ አማካሪ እጁ ነበረበት። ሁለት ምክር ቤት ነበረው፤ የመብት ዝርዝርም መጣ። ነገር ግን ሚኒስትሮቹን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ ተብሎ ተጻፈ። ልጓሙ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ መጣ፤ ፈረሱ አፍ ውስጥ ግን አልገባም።

ውጤቱን በአንድ ክረምት መጨረሻ አየነው። ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ሥልጣን ለቀቀ። ፍርድ ቤቱ በ8 ለ0 የድምፅ ቅጂዎቹን አስረክብ ብሎት፣ የተወካዮቹም ኮሚቴ ሊከሰው ወስኖበት ነበር። ጥይት አልተተኮሰም፤ ምክትሉ ማለ፤ ሰዉም ወደ ሥራው ሄደ። ከ34 ቀን በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እኛም ንጉሣችንን አወረድን። ሕጋዊ መክሰሻ መንገድ ስላልነበረ ያወረዳቸው ጠመንጃ ነበር። ሕገ መንግሥቱም የዚያኑ ዕለት ታገደ። ንጉሡ ላይ ያልገባው ልጓም ደርጉም ላይ አልነበረም። ኅዳር 14 ቀን ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የቀረውን እናቶቻችን ያውቁታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለባሕር ማዶ ወገኖቼ። ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ይጠኑ ከነበሩት ጥያቄዎች አንዷ “አንዱ የመንግሥት ክፍል ከልክ በላይ ኃይለኛ እንዳይሆን የሚያግደው ምንድን ነው?” የምትል ናት። ስንቱ ወገናችን መልሷን ሸምድዶ፣ ቀኝ እጁን አንስቶ ምሏል! ከዚያ ወደ አገር ቤት ስልክ ደውሎ “ለእናንተ የሚያዋጣችሁ አንድ ጠንካራ ሰው ነው” ይላል። ለራስህ ሦስት ቁልፍ፣ ለእናትህ ልጅ አንድ ዱላ? ተው እንጂ!

እንግዲህ ማንም ይሁን ማን፣ የዛሬም ሆነ የነገ፣ ገዥም ሆነ ተቃዋሚ፣ ድምፅህን ስጠኝ ብሎ ሲመጣ “ምን ትሠራልኛለህ?” ብቻ አንበለው። ተስፋማ ሞልቷል፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። “ክፉ ብትሠራብኝ ማን ያግድሃል?” እንበለው። ካዝናው ቁልፍ ማን እጅ ነው? የሚከስህ ዳኛ ደመወዙን ከማን ይበላል? የምትወርድበት ቀን የትኛው ነው? አንተን የሚነቅፍ ጋዜጣ በማግስቱ ይወጣል ወይ?

ደግ ሰው ከሆነ እነዚህ ጥያቄዎች አያስቀይሙትም፤ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ሦስት ፊርማ ሲጠየቅ አኩርፎ አያውቅምና። ያኮረፈ ካለ ግን መልሱን ሰጥቶናል።